አንዴ የያዘው አይደግመውም?

በ2011 ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም ብል አጋንኛለሁ። ግን ብዙም አላጋነንኩም። ከዚራ ዛፍ ስር የምታገኘው ሰው ወገቡን ይዟል። መጋላ የምታገኘው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚራመደው። ባጃጅ ውስጥ የገባው ሰውዬ መውረድ አቅቶት ሹፌሩ ብብቱን ይዞ ያወርደዋል፤ ሹፌሩ ራሱ ከአልጋ ከተነሳ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ቺኩንጉንያ ነበር፣ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ። በጥቂት ወራት ውስጥ በበሽታው ተጠርጥሮ የተመዘገበው ሰው ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ነው፤ እንደ እኛ ቤቱ ተኝቶ ፓራሲታሞል እየዋጠ ያገገመውን ማን ቆጠረው?

እኛ ቤት አራት ነበርን፣ አራታችንም ወደቅን። ከዚያ ሁሉ የማልረሳው አንድ ስኒ ነው። እናቴ ቀድማ ተነሳችና ቡና አፈላች። ስኒውን አቀበለችኝ። የእጄ አንጓ ውስጥ ምስማር የተመታ ይመስል ነበር፣ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል፤ በሁለት እጄ እንደ ሕፃን ይዤ ወደ አፌ ሳደርስ ግማሹ ሽርጤ ላይ ፈሰሰ። ያቺ ስኒ ያን ቀን ሙሉ ጀሪካን ሆናብኝ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን አዴ ልትጠይቀን መጣች። (ድሬ ነው፤ አንቱ ብላት ራሷ ትቆጣለች።) በሩ ላይ ቆማ አራታችንን አየችን፣ ሳቋን ዋጥ አደረገችና "አይዟችሁ አቦ፣ አንዴ የያዘው አይደግመውም። ተገላገላችሁ" አለች።

ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት ከዚያ ወዲህ ስታባዝነኝ የኖረችው። ቺኩንጉንያን በተመለከተ አዴ ትክክል ነበረች ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ለረጅም ዓመታት፣ ምናልባትም ለዕድሜ ልኩ ይጠበቃል ነው የሚባለው። ግን ከእሱ ስድስት ዓመት ገደማ በፊት፣ በ2006 መግቢያ ላይ፣ ዴንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ከተማችንን ጎብኝቶ ነበር። ያኔም አዴ ይህንኑ ብላለች። ለዴንጊ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሚገርመኝ፣ አንዱ ላይ ትክክል ሌላው ላይ ስህተት ያደረጋት ሰውነት ጀርም ለመያዝ የሚሠራው ያው አንድ ፕሮቲን መሆኑ ነው። አንቲቦዲ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያመመኝን ነገር ማንበብ የሚወድ ሰው ነኝ፣ ያውም ብዙ ጊዜ አሞኛል።

በነገራችን ላይ ቺኩንጉንያ የሚለው ቃል የማኮንዴ ነው። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኙ የዛሬዋ ታንዛኒያ ደቡብ ውስጥ ሲታወቅ የአካባቢው ሰዎች ያዩትን ነው የጠሩት፦ ጎበጥ፣ ኩምትር የሚያደርግ። ሐኪም ቢሰይመው ኖሮ እንዲህ ቁጭ አያደርገውም ነበር።

ትንኟ ወጋችኝ እንበል። ቀን ላይ ነው፤ ይቺኛዋ እንደ ወባዋ ሌሊት አትጠብቅም። ሰውነታችን በየበሩ ዘበኛ አለው። እንባና ንፍጥ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የብዙ ባክቴሪያዎችን ግድግዳ ይበላል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው ያገኘው፤ በፔኒሲሊን የምናውቀው ሰውዬ፣ ከፔኒሲሊኑ ስድስት ዓመት ቀድሞ በ1922 (እ.ኤ.አ.) ነው ያሳተመው፣ ያውም ከራሱ ንፍጥ ተነስቶ። የእንቁላል ነጩ ክፍልም በዚሁ ፕሮቲን የተሞላ ነው፤ ጫጩቱ ሳይፈለፈል ዘበኛ ተቀጥሮለታል። ደም ውስጥ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች አሉ፣ አብዛኞቹን ጉበት ይሠራቸዋል። ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ መጨረሻ ላይ ባክቴሪያው ቆዳ ላይ ቀዳዳ ይበሳሉ። ዡል ቦርዴ የሚባል ቤልጂየማዊ የደሙን ውሃ 56 ዲግሪ አካባቢ ሲያሞቀው ይህ ኃይል እንደሚጠፋ፣ አንቲቦዲው ግን እንደሚቀር አይቶ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየ፤ በ1919 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል አግኝቷል። 56 ዲግሪ! እኛ እንኳ ግንቦት ላይ እዚያ አንደርስም።

ትንኝ ግን በር አታንኳኳም። እንባውንም ንፍጡንም አልፋ፣ ቆዳውን በመርፌዋ በስታ ቫይረሱን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ያኔ ቀድሞ የሚደርሰው ኢንተርፌሮን ነው። ቫይረስ የገባበት ሴል ለጎረቤቶቹ የሚጮኸው ጩኸት ነው በሉት፤ "እኔ አልቆልኛል፣ እናንተ በራችሁን ዝጉ"። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በ1957 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ በዶሮ እንቁላል ሲሠሩ ነው የደረሱበት። ጩኸቱ ግን ነፃ አይደለም። ኢንተርፌሮን ለጉበት ቫይረስ መድኃኒት ሆኖ በመርፌ ሲሰጥ ሰዎቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይይዛቸው ነበር፤ መርፌው ውስጥ ቫይረስ ሳይኖር! ይህን ያነበብኩ ቀን ስኒዋ ትዝ አለችኝ። ቫይረሱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሥራ አለው፣ አልክድም፤ ግን በዚያ ሳምንት የሰበረኝ ግማሹ የራሴው ጩኸት ነበር።

አንቲቦዲ ግን በዚያ ሰዓት የለም። ገና እየተሰፋ ነው።

"እየተሰፋ" ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። የሰልባጅ ክምር ስር ቆፍራችሁ ታውቁ የለ? ያ ሁሉ ሸሚዝ ሲሰፋ የናንተን ትከሻ የለካ ማንም የለም። እናንተ ናችሁ አንዱ ልክ እስኪመጣ እየለካችሁ የምትጥሉት። ሰውነትም እንዲህ ነው የሚሠራው። ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ይዘው ይወለዳሉ፣ በሽታውን አይተውት ሳያውቁ። ጂኑን ቆራርጠው እንደገና እየገጣጠሙ ነው ይህን ሁሉ ዓይነት የሚያወጡት፤ ይህን ያሳየው ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ወሰደ። ቫይረሱ ሲገባ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ በመጠኑ ልክ የሚሆነው ይገኛል። በመጠኑ ነው። እጅጌው ይረዝማል፣ ወገቡ ይሰፋል።

ከዚያ መኪና ግርግር ይገባል። ሐረር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን የደረደሩበት፣ ስሙን ከመኪናው ጩኸት ያገኘው መንገድ። በሰውነት ውስጥ ያ ሰፈር ንፍፊት የሚወጣበት ቦታ ነው። ልጅ ሆነን እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ትንሽ እንቁላል የምታህል እብጠት ትወጣ አልነበር? እናቴ በቅቤ ታሸው ነበር፣ እኔ ደግሞ እጮኻለሁ። እዚያ ውስጥ ያን ሰዓት ቢ ሴሎቹ እየተባዙ፣ በእያንዳንዱ መባዛት አንቲቦዲያቸውን ትንሽ ትንሽ እየቀየሩ፣ ከተቀየረው ውስጥ ይበልጥ የሚገጥመው እየተመረጠ፣ የማይገጥመው እየሞተ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው አይጂኤም ይባላል፤ አምስት አንቲቦዲ አንድ ላይ የታሰረ፣ ልኩ እንደ ነገሩ የሆነ። ቆይቶ የሚወጣው አይጂጂ ነው፣ በልክ የተሰፋው። ሥራ ላይ ያለ አንድ ሴል በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር አንቲቦዲ ይረጫል።

የአንቲቦዲ ቅርጹ እንደ ባላ ነው። ጎጆ የሚደግፈው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ እንጨት። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ቫይረሱን የሚይዝ ቦታ አለ። ግንዱ ደግሞ ለሌሎች ሴሎች መያዣ ነው፤ ጀርም የሚውጡት ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎች ግንዱን አፈፍ አድርገው ከነያዘው ይውጡታል። ግንዱን አደራ እንዳትረሱት፣ ወደ ኋላ ጉድ የሚፈላው በእሱ ነው።

ስለ ትውስታው ደግሞ። ደሜ ውስጥ የሚዞር አንድ አይጂጂ ብዙ አይኖርም፤ በግምት በየሦስት ሳምንቱ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ያለኝ የቺኩንጉንያ አንቲቦዲ የ2011ዱ አይደለም፣ የሰሞኑ ነው። የሰፉት ሴሎች መቅኔ ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለው ዛሬም ይሰፋሉ። እስከ መቼ? በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የ1918ቱን (እ.ኤ.አ.) ኢንፍሉዌንዛ በልጅነታቸው ያለፉ 32 ሽማግሌዎችን ደም መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ90 በላይ ነው። ያንን ቫይረስ የሚያውቅ አንቲቦዲ፣ ከ90 ዓመት በኋላ፣ ደማቸው ውስጥ አገኙ።

ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኅዳር በሽታ የምንለው እሱ ነው፣ በ1911 የገባው። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አውጥቶ የሚያጨሰው በእሱ ምክንያት ነው ይባላል። በልጅነቴ ኅዳር ሲታጠን ደስ የሚለኝ እሳቱ ብቻ ነበር፤ የጭሱን ምክንያት የነገረኝ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሰፈሩ በጭስ ያስታውሳል። የእነዚያ ሽማግሌዎች መቅኔ ደግሞ በፕሮቲን።

እዚህ ላይ ባቆም አዴ በዝረራ አሸነፈች ማለት ነው። ግን ዴንጊ አለ።

አንቲቦዲ የሚያውቀው ቅርጽ ነው። የበሽታውን ስም የምናውቀው እኛ ነን። ዴንጊ ደግሞ በአንድ ስም የምንጠራቸው አራት ወንድማማች ቫይረሶች ናቸው፤ መልካቸው ይቀራረባል፣ አንድ ግን አይደሉም። አንዱ ከያዘህ ያንኑ ዳግም አትፈራውም። ሌላው ወንድሙ ሲመጣ ግን የድሮው አንቲቦዲ በመጠኑ ይይዘዋል፤ ያዝ ያደርገዋል እንጂ አያስረውም። ግንዱ እንደሆነ ለመያዣነት ክፍት ነው። ትልልቆቹ ሴሎች ግንዱን አይተው "የኛው ነው" ብለው ከነቫይረሱ ይውጡታል። ችግሩ፣ የዴንጊ ቫይረስ መራባት የሚወደው እነዚሁ ሴሎች ውስጥ ነው። ለገሃር ሰው ልትቀበል ሄደህ፣ መልኩ ተመሳስሎብህ፣ የማታውቀውን ሰውዬ ሻንጣ ተሸክመህ ቤትህ አስገብተህ፣ ጓዳውን አሳይተህ፣ እራት እንዳቀረብክለት ቁጠረው።

ይህን የጠረጠረው ስኮት ሃልስቴድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባንኮክ ውስጥ በዴንጊ ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ልጆችን ሲያይ ሁለት ዓይነት ሆኑበት። አንዶቹ ዴንጊ ሲይዛቸው ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። ይሄ ይሁን። ሌሎቹ ግን ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው፣ ገና የመጀመሪያቸው ነው። ምን አገናኛቸው? ሕፃናቱ አንቲቦዲውን ከእናታቸው ተቀብለውታል። አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ እናትየው ዴንጊ ይዟት ከነበረ ልጁ ዴንጊ ሳያውቅ የዴንጊ አንቲቦዲ ይዞ ይወለዳል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ስለሆነ ይጠብቀዋል። ልጁ ግን የራሱ የዴንጊ ሰፊ የለውም፣ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚጨርሰው፤ እየተጋመሰ እየተጋመሰ ሄዶ ከ6 እስከ 9 ወር አካባቢ ሲደርስ ለማሰር የማይበቃ፣ ለማስገባት የሚበቃ ይሆናል።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የኒካራጓ ልጆች ጥናትም ይህንኑ አሳየ፦ ከባዱ ዴንጊ የበረታው አንቲቦዲ በሌላቸው ወይም በሞላላቸው ላይ አልነበረም፣ መሃል ላይ ባሉት ላይ ነው። ትንሽ ማወቅ ከምንም አለማወቅ ሲከፋ በደም ምርመራ የታየበት ነው።

ዋጋውን የከፈለችው ፊሊፒንስ ናት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ከ800 ሺህ በላይ ልጆችን የዴንጊ ክትባት ከተበች። በ2017 መጨረሻ አምራቹ ራሱ፣ ዴንጊ ይዟቸው የማያውቁ ልጆች ከተከተቡ በኋላ ሲይዛቸው ሊከፋባቸው እንደሚችል አስታወቀ። ክትባቱ ለእነሱ እንደ መጀመሪያው ዴንጊ ሆኖ ነበር። ወላጆች ከዴንጊው ክትባት አልፈው ከሌላውም ሁሉ ሸሹ፤ በ2019 ኩፍኝ አገሩን አመሰው። የኩፍኝ ክትባት ምን አጠፋ? ምንም። አንዱ ላይ ባየው ነገር ሌላውን በመጥላት ሰዉም እንደ አንቲቦዲው ነው፣ መልክ ይመሳሰልበታል።

ሰው ላስደነግጥ አይደለም። ሁለተኛውን ዴንጊ አብዛኛው ሰው በሰላም ነው የሚወጣው። ግን "ይዞኝ ያውቃል፣ አልፈራም" ማለት ለዚህ በሽታ አይሠራም፤ እንዲያውም ይዞህ ካወቀ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብህ።

ባለፈው ትኩሳት ይዞኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ልጅ ጣቴን ወጋ፣ አንዲት ጠብታ ደም የዴንጊ መመርመሪያው ነጭ ፕላስቲክ ላይ አደረገ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ጨመረበት። ደሜ በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ አብረን አየነው። አይጂኤም የሚለው ጎን ባዶ። አይጂጂ የሚለው ጎን ላይ ግን ፈዘዝ ያለች ሐምራዊ መስመር ብቅ አለች።

"ይዞህ ያውቃል እንዴ?" አለኝ።

"በ2006 ሳይሆን አይቀርም።"

"ሊሆን ይችላል። ቢጫ ወባ ተከትበህ ከሆነም እንዲህ ሊያሳይ ይችላል፣ ዘመድ ናቸው።"

መመሳሰል መመርመሪያውንም ያታልላል ማለት ነው። ያን ቀን የያዘኝ ተራ ጉንፋን ሆኖ አለፈ። መስመሯ ግን ከዓይኔ አልጠፋችም፣ ምክንያቱም አዴ ዘንድሮ የልጅ ልጅ አግኝታለች። አምስት ወሩ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጆሮ ጎታች። እናቱን፣ የአዴን ልጅ፣ በ2006 ዴንጊ ጥሏት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ "ከዓይኔ ጀርባ አመመኝ" እያለች ስታለቅስ ግቢው ሁሉ ይሰማት ነበር።

ሄጄ ነገርኳቸው። ከባድ ነው፤ የሰው ልጅ ሳቂታ ሆኖ እያዩት እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መግባት። በመጀመሪያ ልጅቷ የገባት ጡቷ የሚጎዳው መስሏት ደነገጠች። የለም አልኩ፣ ጡትሽን አትንሺው። ወተቱ ውስጥ ያለው አይጂኤ ነው፣ አንጀቱን ይለቀልቅለታል፤ እንገሩማ በእሱ የተሞላ ነበር። (እንገር "ቆሽሿል" ብሎ የሚያልብ የሚደፋ ሰው ዛሬም አለ። አትድፉ።) እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ቀን ሲተኛ አጎበር ውስጥ ይተኛ፣ ትኩሳት ከያዘው "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ለሐኪሙ ደግሞ አንቺ ዴንጊ ይዞሽ እንደነበር ንገሪው።

አዴ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየች። ከዚያ፣

"እኔ ያልኩት አንዴ የያዘው ነው። አራት መሆናቸውን ማን ነገረኝ?"

ምን ይመለሳል? ትክክሏን ነው።

"በርሜሉን ና አግዘኝ" አለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ በርሜል የሌለው ግቢ የለም፣ ትንኟም ያንን አውቃ ነው የገባችው። ክዳኑን አነሳነው። ውሃው ላይ እጮቹ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፣ ጥላችን ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ገለበጥነው። "በቃ" ልል ስል የግድግዳውን ነገር አስታወስኩ፤ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፈው፣ ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። አዴ ብሩሽ አመጣች። ግማሽ ሰውነቴ በርሜል ውስጥ ገብቶ ስፈገፍግ ከላይ ድምፅዋ ይሰማኛል፦

"ታች፣ ታች። ጥግ ላይ ቀርቶሃል አቦ።"

ስወጣ የፈሰሰው ውሃ አሸዋው ላይ ጠፍቷል። ሁለት ዶሮዎች እጮቹን እየለቀሙ ነበር።